ሰዉ የማይንቀሳቀስ፣ ቤቱ የሚንቀሳቀስ

«የሚንቀሳቀስ እና የማይንቀሳቀስ ንብረት» የምትለዋን ሐረግ የማያውቅ ሰው ያለ አይመስለኝም። ኑዛዜ ላይ አለች፣ የባንክ ብድር ውል ላይ አለች፣ የፍቺ ውሳኔ ላይ አለች። ቤትና መሬት በአንድ ወገን፣ ከብትና መኪና በሌላ ወገን። ሳነባት ቆም ብዬ አስቤባት አላውቅም ነበር። የካሪቢያን ደሴት ስለሆነችው ስለ ባርቤዶስ የሸንኮራ እርሻዎች ሳነብ አንድ አሮጌ ሕግ ላይ ከደረስኩ ወዲህ ግን ከአእምሮዬ አልወጣ ብላለች። በ1668 የደሴቲቱ ምክር ቤት በባርነት የተያዙ ሰዎችን የማይንቀሳቀስ ንብረት አድርጎ ደነገገ፤ እንደ መሬቱ፣ እንደ ወፍጮው። ከ170 ዓመት በኋላ የእነዚያ ሰዎች ዘሮች ነፃ ሲወጡ ደግሞ የሚኖሩበት ቤት የሚንቀሳቀስ ንብረት ሆነ። ቤቱ ዛሬም በዚያው የሕግ ስም ይጠራል፤ «ቻተል ሃውስ» ይሉታል። ቻተል ማለት የሚንቀሳቀስ ንብረት ማለት ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ሰው እንዴት መሬት ይሆናል? ቤትስ እንዴት እንደ ጋሪና እንደ ሳጥን ይቆጠራል? ስለ ባርቤዶስ ሲወራ ነጭ አሸዋው፣ ሩሙና ክሪኬቱ ይነሳል። ለእኔ የደሴቲቱ ታሪክ በሙሉ ያለው በእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች መካከል ነው።

ሰውን ከመሬት ጋር መስፋት

ባርቤዶስ 430 ካሬ ኪሎ ሜትር ብቻ ናት፤ ከአዲስ አበባ ከተማ ታንሳለች። በየካቲት 1627 ዛሬ ሆልታውን በሚባለው ዳርቻ 80 ያህል እንግሊዛውያን ሰፋሪዎች ወረዱ፤ 10 አፍሪካውያንም በምርኮ አብረዋቸው ነበሩ። መጀመሪያ ትምባሆና ጥጥ ሞከሩ፤ ትምባሆው ጥራቱ ወረደ፣ ዋጋውም ወደቀ። በ1640ዎቹ ደች ከያዙት የብራዚል ክፍል የሸንኮራው ዕውቀት መጣ። ከዚያ በኋላ በአንድ ትውልድ ዕድሜ ደኑ ተመነጠረ፣ መሬቱ በጥቂት እጆች ገባ፣ ደሴቲቱ ከዳር እስከ ዳር ሸንኮራ ሆነች። የምግብ እህልና የቤት ጣውላ ሳይቀር ከሰሜን አሜሪካ በመርከብ ይመጣ ጀመር። ይህን የጣውላ ነገር ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

የ1668ቱ ሕግ የወጣበት ምክንያት በጣም ተራ ነው፤ ውርስ ነው። ባለ እርሻው ዕዳ ጥሎ ሲሞት አበዳሪዎች ሰዎቹን እንደ ከብት ነድተው ይወስዳሉ። ወራሹ ባዶ ማሳና የቆመ ወፍጮ ታቅፎ ይቀራል። ስለዚህ ሰዎቹን በሕግ ከመሬቱ ጋር ሰፏቸው። ከአራት ዓመት በኋላ ደግሞ አበዳሪዎች ሲያጉረመርሙ ሌላ ሕግ ወጣ፤ ለዕዳ መክፈያ ሲሆን የሚንቀሳቀሱ ናቸው አለ። አንድን ሰው ለወራሽ ሲሆን መሬት፣ ለአበዳሪ ሲሆን ዕቃ አደረጉት። ከዚያ በፊት በ1661 የወጣው የባርነት ሕግም ከዚህች ትንሽ ደሴት ተነሥቶ ለጃማይካ፣ ለአንቲጓና ለደቡብ ካሮላይና አብነት ሆኗል።

ባዶ ማሳና የቆመ ወፍጮ ለምን ይህን ያህል እንዳስፈራቸው ለመረዳት የስኳሩን አሠራር ማወቅ ይጠይቃል። የተቆረጠ ሸንኮራ ቀጠሮ አይሰጥም፤ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ካልተጨመቀ ጭማቂው መቡካት ይጀምራል፣ ስኳሩም አይረጋም። ስለዚህ ማሳውና ፋብሪካው አንድ ግቢ ውስጥ መሆን ነበረባቸው፤ ቆራጩም በወፍጮው ፍጥነት ይሠራል። በነፋስ የሚዞረው ወፍጮ ጎን ለጎን የቆሙ ሦስት ከባድ ሮለሮች ነበሩት። አንዱ ሰው ሸንኮራውን ከፊት ያስገባል፣ ሌላው ከኋላ ተቀብሎ በሁለተኛው ክፍተት ይመልሰዋል። ነፋስ እንደ በሬ «ቁም» ሲሉት አይቆምም። ጣት ከተያዘ ክንድ ይከተላል፤ ክንዱን ቆርጦ ነፍስ ለማትረፍ መጥረቢያ ከወፍጮው አጠገብ ይቀመጥ እንደነበር የዘመኑ ጸሐፊዎች መዝግበዋል።

ጭማቂው በአሸንዳ ወደ ማፍያ ቤት ይወርዳል። እዚያ ከትልቅ ወደ ትንሽ የተደረደሩ የመዳብ ጋኖች አሉ። በመጀመሪያው ላይ ኖራ ይጨመርና ቆሻሻው አረፋ ሆኖ ሲንሳፈፍ ይገፈፋል። ኖራው ካነሰ ስኳሩ አይረጋም፤ ከበዛ ይጠቁራል። ከጋን ወደ ጋን በጭልፋ እየተቀዳ ይወፍራል። በመጨረሻዋ ትንሽ ጋን ላይ የቆመው ሰው በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መካከል ፈሳሹን እየሳበ ክሩ ሲበጠስ አይቶ «አሁን» ይላል። ግማሽ ደቂቃ ቢዘገይ ያርራል፣ ቢቸኩል ወጡ ዝልፍልፍ ሆኖ ይቀራል። ያ ሰው በመዝገብ ላይ ዋጋው ከፍ ተደርጎ የሚጻፍ ባለ ሙያ ነበር። ሙያው የእጁ ነበር፤ እጁ ግን የእርሱ አልነበረም።

ማሳው ላይ ደግሞ ሰዎቹ በእድሜና በጉልበት በሦስት ቡድን ይከፈሉ ነበር። ጠንካሮቹ ጉድጓድ ይቆፍራሉ። አፈሩ በዝናብ እንዳይታጠብ ማሳው በሙሉ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ስፋት ባላቸው አራት ማዕዘን ጉድጓዶች ይከፋፈል ነበር፤ ደሴቲቱን ከላይ ያየ የማር እንጀራ ይመስለዋል። እያንዳንዱ ጉድጓድ በቅርጫት በራስ ተሸክመው ያመጡት ፍግ ይጨመርበታል። ሦስተኛው ቡድን ልጆች ናቸው፤ አረም ይነቅላሉ፣ ለከብቱ ሣር ያጭዳሉ።

በደቡባዊው የክራይስት ቸርች ወረዳ፣ በኒውተን እርሻ፣ ከ570 የሚበልጡ ሰዎች ያለ ምልክት የተቀበሩበት መስክ አለ። ከተቆፈሩት መቃብሮች በአንዱ አንድ አዛውንት ተገኝተዋል፤ ለአካባቢያቸው ሰው መድኃኒት አዋቂ ሳይሆኑ አይቀሩም ተብሎ ይታመናል። አንገታቸው ላይ ዛጎል፣ የውሻ ጥርስ፣ የዓሣ አከርካሪ አጥንት፣ የብርጭቆ ዶቃና ከሕንድ ምድር የመጣ ቀይ የድንጋይ ዶቃ የተሰካበት ሐብል ነበር፤ አጠገባቸውም የምዕራብ አፍሪካ ሥራ የሆነ የሸክላ ጋያ። ሕጉ «የማይንቀሳቀስ ንብረት» ብሎ የጠራቸው ሰው ግማሽ ዓለም የዞረ ሐብል አጥልቀው ነው የተቀበሩት። ማን አንገታቸው ላይ እንዳሰረላቸው አስባለሁ። ያን ሐብል ሸጦ ስንት ነገር መግዛት ሲችል ከሟቹ ጋር መሬት ያስገባው ሰው፣ የባለ እርሻውን መዝገብ ያላመነ ሰው ነበር።

እስከ ፔኒዋ ድረስ

«የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» እንላለን። በባርቤዶስ ጉዳይ ተረቱ ተገልብጦ ነው የማገኘው። የወጋው ምንም አልረሳም፤ እስከ ፔኒዋ ድረስ ጽፎታል። የእንግሊዝ ፓርላማ በ1833 ባርነትን የሚሽር ሕግ ሲያወጣ 20 ሚሊዮን ፓውንድ ካሣ መደበ፤ የሚከፈለው ግን «ንብረት አጣን» ላሉት ባለቤቶች ነበር። በ1650ዎቹ የተሠራው የድራክስ ሆል እርሻ ጌታ ለ189 ሰዎች 4,293 ፓውንድ ከ12 ሺሊንግ ከ6 ፔንስ ተቀበለ። ለካሣው የተወሰደው ብድር የመጨረሻ ቅሪቱ ከእንግሊዝ ግምጃ ቤት ተከፍሎ ያለቀው በ2015 ነው። ለ189ኙ ሰዎች የተጻፈ ቁጥር የለም፤ የተከፈላቸው ስለሌለ።

በባርቤዶስ ነፃ የወጡት ወደ 83,000 ይጠጋሉ። ከነሐሴ 1 ቀን 1834 ጀምሮ «ተለማማጅ» ተብለው አራት ዓመት ለቀድሞ ጌታቸው በሳምንት እስከ 45 ሰዓት ያለ ደመወዝ ሠሩ። ሙሉ ነፃነት የመጣው ነሐሴ 1 ቀን 1838 ነው።

ሐሳቤ ተመላልሶ የሚያርፈው በዚህ ቀን ማግስት ላይ ነው። አንዲት ሴት ጠዋት ከጎጆዋ ወጥታ ትቆማለች እንበል። ሰውነቷ የራሷ ነው፤ ማንም አይሸጣትም። ጎጆውን እርሷና ባሏ ናቸው የሠሩት። ከጎጆው ጀርባ ስኳር ድንችና ጎመን ተክላለች። መሬቱ ግን የእርሻው ነው፤ በስተግራ ያለውም፣ በስተቀኝ ያለውም፣ ከኮረብታው ማዶ ያለውም። በጃማይካ ነፃ የወጣው ሰው ተራራ ላይ ወጥቶ ያልታረሰ መሬት አገኘ፤ ሚስዮናውያን እየገዙ ያከፋፈሉት መሬትም ነበር፤ መንደር ቆረቆረ። ባርቤዶስ ግን የሚወጡበት ተራራ የላትም፤ ከረጅም ጊዜ ጀምሮ ሸንኮራ ያልተተከለበት መሬት እምብዛም አልነበራትም። ሩጫ ቢጀምሩ የሚያቆመው ባሕር ነው።

ባለ እርሻዎቹ ይህን ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። በ1840 በጸናው የሥራ ውል ሕግ መሠረት በእርሻው መሬት ላይ የሚኖር ሰው የሚኖረው ለዚያው እርሻ እስከ ሠራ ድረስ ነው። ጎረቤት ያለው እርሻ በቀን ጥቂት ሳንቲም ጨምሮ ቢጠራው መሄድ ይችላል፤ ነገር ግን ቦታውን ይለቃል። ከአማርኛ ቃላት ለዚህ ኑሮ የሚቀርበው «ጭሰኛ» ነው፤ ግን ጭሰኛ ከሚያርሰው ምርት ያካፍል ነበር፣ የባርቤዶሱ ግን የሚያካፍለው ምርት የለውም፣ ጉልበቱን ነው የሚገብረው። በሚስትና በርስት ቀልድ የለም ለሚል ሕዝብ ይህ ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

እንግዲህ ያቺ ሴትና ባሏ ምን ዓይነት ቤት ይሥሩ? በድንጋይና በኖራ ቢገነቡት ሰኞ ዕለት ከአሠሪ ጋር በደመወዝ ቢጣሉ፣ በወሩ መጨረሻ ቤቱ የመሬቱ ባለቤት ሲሳይ ይሆናል። በመሬት ላይ የተጣበቀ ነገር የባለ መሬቱ ነው፤ ሕጉ እንዲህ ይላል። ያልተጣበቀው ግን የሠሪው ነው። መልሱም ከዚያው ከሕጉ ውስጥ ወጣ፤ መሬት የማይነካ ቤት።

በአንድ ቀን የሚፈርስ፣ በአንድ ቀን የሚቆም

ቻተል ሃውስ መሠረት የለውም። ያለ ሲሚንቶ በተደረደሩ የኮራል ድንጋዮች ላይ እንደ ሳጥን ይቀመጣል። አንዱ ክፍል በተለምዶ 10 በ20 ጫማ ነው፤ ሦስት በስድስት ሜትር ገደማ። ልኩን ያወጣው የሥነ ሕንፃ ባለ ሙያ አይደለም፤ ቅድም ያልኩት ጣውላ ነው። የሰሜን አሜሪካ ጥድ ተቆርጦ የሚመጣው ከ12 እስከ 20 ጫማ ርዝመት ስለነበር፣ ጣውላ ሳያባክኑ የሚሠራ ቤት በዚያ ልክ ይወጣል። በር መሐል ላይ፣ አንዳንድ መስኮት ግራና ቀኝ። መስኮቱ በቀጫጭን ተደራራቢ እንጨቶች የተሠራ ነው፤ ዝናቡን ከልክሎ ነፋሱን ያሳልፋል። ጣሪያው ሾጣጣ ነው፤ ክዳኑም ከግድግዳው ብዙ አይወጣም፣ ምክንያቱም ማዕበል ሲመጣ ነፋሱ ከሥር ገብቶ የሚያነሣው የወጣውን ጠርዝ ነው። ወለሉ ከመሬት ከፍ ማለቱ ደግሞ ጎርፉን ከሥር ያሳልፋል፣ ምስጡን ያዘገያል።

ማዋቀሪያ እንጨቶቹ አንዱ በሌላው ቀዳዳ ገብተው በእንጨት ችካል ይያዛሉ፤ ሚስማር ሲነቀል እንጨት ይሰነጥቃል፣ ችካል ግን በመዶሻ ተመቶ ይወጣል። የሚነሣ ቤት ከላይ ወደ ታች ነው የሚፈርሰው። መጀመሪያ ክዳኑ፣ ቀጥሎ ወራጆቹ፣ ከዚያ የውስጥ መለያው፣ ከዚያ አራቱ ግድግዳዎች እያንዳንዳቸው እንደ አንድ ገጽ ሆነው ይወርዳሉ፤ በመጨረሻ ወለሉ። ጋሪ ላይ ይጫናል፣ በኋላ ዘመን የጭነት መኪና ላይ። ጎረቤት በደቦ ይመጣል፤ ባለቤቱ ምግብና ሩም ያቀርባል። ቤተሰቡ ማታ የሚያድርበት ሌላ ቦታ ስለሌለው ፀሐይ ሳትጠልቅ መቆም አለበት።

የሚበላሸውም በብዙ መንገድ ነው። በአዲሱ ቦታ ድንጋዮቹ የሚደረደሩት ከፍ ካለው ማዕዘን ተነሥቶ ነው፤ ልኩ በሁለት ጣት ከተሳተ ቤቱ ይጣመማል፣ በሩ አይዘጋም። ቆርቆሮው ሲመለስ የድሮው የሚስማር ቀዳዳ ከአዲሱ ጋር ስለማይገጥም ቀዳዳው ሁሉ ካልተደፈነ በመጀመሪያው ዝናብ አልጋ ላይ ያንጠባጥባል። ለዓመታት በአንድ በኩል ፀሐይ የመታው ግድግዳ ጎብጦ ከጓደኛው አልገጥም ይላል። ሁለት ሦስት ጊዜ የተነሣ ቤት ማዕዘኑ ላይ ያስታውቃል፤ ተጨማሪ ጣውላ የተመታበት አለ፣ የተቀየረ ችካል አለ።

ከሁሉ የሚከፋው ማዕበሉ ነው። ለመነሣት የተሠራ ቤት ነፋስም ያነሣዋል። መስከረም 22 ቀን 1955 ጃኔት የተባለችው አውሎ ነፋስ ስትመታ በሺዎች የሚቆጠሩ ትናንሽ ቤቶች ፈረሱ። ባለ መሬቱ በድንጋይ ቤቱ ውስጥ ተቀምጦ አሳለፈው። በሰሜን የሚገኘው ሴንት ኒኮላስ አቢ የተባለው የ1650ዎቹ የጌቶች ቤት እንዲያውም የእሳት ምድጃና ጭስ ማውጫ አለው፤ ብርድ በማይታወቅበት ደሴት። እነርሱ የእንግሊዝን ክረምት በድንጋይ ገንብተው ተከሉ፤ ሠራተኞቻቸው በር መዝጊያቸውን እንኳ በመሬት ላይ ማጽናት አልቻሉም።

እኛ አዲስ ቤት ስንገባ «ቤት ለእምቦሳ» እንላለን፤ ባለቤቱ «እምቦሳ እሰሩ» ይላል። እምቦሳ ለማሰር ችካል መሬት ውስጥ ይገባል። የባርቤዶሱ ችካል ግን እንጨት ውስጥ ነው የሚገባው፣ ያውም ሲነቀል እንዳያስቸግር ሆኖ።

መሬቱ ሲገኝ

ከዚህ አስሮ ከያዘ ኑሮ የመጀመሪያውን መውጫ የከፈተው ስደት ነው። ከ1904 እስከ 1914 የፓናማ ቦይ ሲቆፈር በኮንትራት ብቻ ወደ 20,000 የሚጠጉ የባርቤዶስ ወንዶች ሄዱ። ብዙዎች በናዳ፣ በፈንጂና በወባ አለቁ፤ የተመለሱት ገንዘብ ይዘው መጡ፤ ዋጋቸው ከወደቀ እርሻዎች ላይ ቁራሽ መሬት ገዙ። አንዳንድ የደሴቲቱ ልጆች ደግሞ ከፓናማም ርቀው እኛ ዘንድ ደርሰዋል። በብሪጅታውን የተወለደው ሙዚቀኛና የሃይማኖት መምህር አርኖልድ ፎርድ በ1930 አዲስ አበባ መጥቶ በ1935 እዚያው አረፈ። ባለቤቱ ሚኞን ፎርድ፣ እርሷም የባርቤዶስ ልጅ፣ አዲስ አበባ ቀርታ ብዙዎች የሚያውቁትን የልዕልት ዘነበወርቅ ትምህርት ቤት መሠረተች።

አገር ቤት የቀረው አብዛኛው ሰው ግን ከነፃነት በኋላም፣ በ1966 የእንግሊዝ ባንዲራ ከወረደ በኋላም፣ ቤቱ የራሱ፣ መሬቱ የእርሻው እንደሆነ ኖረ። ነገሩ የተለወጠው በ1980 ነው። በእርሻ መሬት ላይ አምስት ዓመትና ከዚያ በላይ የኖረ ተከራይ ቦታውን በካሬ ጫማ 10 የባርቤዶስ ሳንቲም እንዲገዛ ሕግ ወጣ። 4,000 ካሬ ጫማ የሆነ ቦታ 400 የባርቤዶስ ዶላር ነው፤ በአሜሪካ ገንዘብ 200። ከ1838 እስከ 1980 ስንት እንደሆነ ቆጥሩት፤ 142 ዓመት። የእኛው የገጠር መሬት አዋጅ ከዚህ አምስት ዓመት ብቻ ነው የሚቀድመው።

የድራክስ ሆል ግን ዛሬም የድራክስ ቤተሰብ ነው። በ2024 የባርቤዶስ መንግሥት ለመኖሪያ ቤት ግንባታ ከዚያ እርሻ 53 ኤከር በ3 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ሊገዛ መሆኑ ተሰማ። ሻጩ የአሁኑ ወራሽ፣ የእንግሊዝ ፓርላማ አባል ነበር። ሕዝቡ ተቆጣ፤ ጠቅላይ ሚኒስትር ሚያ ሞትሊ ግዢውን አቆሙት። ቁጣው ይገባኛል፤ ለ189 ሰዎች አንዴ ካሣ ለበላ ቤት፣ ልጆቻቸው ለሚያድሩበት መሬት ሁለተኛ ክፈሉ ማለት ነውና። ቤት የሚጠብቁት ሰዎች መዘግየትም ያሳዝነኛል፤ ሁለቱን ማስታረቅ አልቻልኩም።

በ1980ው ሕግ መሬታቸውን የገዙት ሰዎች ቤታቸውን ወዲያው አላፈረሱም። መጀመሪያ ከኋላ በብሎኬት ወጥ ቤትና መታጠቢያ ሠሩ፤ ከዓመታት በኋላ መሐሉን፤ የፊቱ የእንጨት ክፍል መጨረሻ ይቀራል። ብሎኬት መግዛት ያልቻሉት፣ ወይም የእናታቸውን ቤት መንካት ያልፈለጉት፣ የእንጨቱን ቤት እንዳለ ትተው ከወለሉ በታች ተንበርክከው ያን ልቅ ድርድር ድንጋይ በሲሚንቶ ገረፉት። በመንገድ ዳር የቆመ ቻተል ሃውስ ስታዩ ጎንበስ ብላችሁ ከሥሩ ተመልከቱ፤ በድንጋዮቹ መካከል ግራጫ ሲሚንቶ ካለ መሬቱ ተገዝቷል።